የጥብቅና አገልግሎት ሲመዘን፦ የአንድ ሰዓት ምክር መቼ ይበቃል፣ ሙሉ ውክልናስ መቼ ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው ጠበቃ ፍለጋ የሚወጣው የችሎት ቀጠሮ ሲደርስ ነው። ያኔ ውሉ ተፈርሟል፣ ቃል ተሰጥቷል፣ መልስ የሚቀርብበት ጊዜም ተገባዷል። የቱንም ያህል ጎበዝ ጠበቃ ቢያዝ የተፈረመውን እንዳልተፈረመ ማድረግ አይችልም። ስለዚህ ከጥብቅና አገልግሎቶች ሁሉ የተከፈለበትን ገንዘብ አብልጦ የሚክሰው ትንሹ ነው እንላለን፤ ከመፈረም ወይም መልስ ከመስጠት በፊት የሚወሰድ የአንድ ሰዓት ምክር።

ምክሩ የሚጠቅመው ተዘጋጅተው ከገቡ ነው። ሰነዶቹን በቀናቸው ቅደም ተከተል ይደርድሩ፣ የሆነውን በአንድ ገጽ ይጻፉ። ከሁሉ በፊት ግን የሌላውን ወገን ሙሉ ስም ይናገሩ፤ ጠበቃው ለዚያ ሰው ወይም ድርጅት የሚሠራ ከሆነ የጥቅም ግጭት ስላለ ጉዳይዎን መስማት የለበትም። የሚጎዳዎትን ወረቀት አይደብቁ። ለጠበቃ የተነገረ ምስጢር በሕግ ጥበቃ አለው፤ የተደበቀው ወረቀት ግን በተቃራኒ ወገን እጅ ችሎት ላይ ከወጣ የክርክሩ መሠረት ይናዳል።

ጥሩ አማካሪ የሚታወቀው በመጀመሪያ ጥያቄዎቹ ነው። ነገሩ መቼ ሆነ፣ ደብዳቤው መቼ ደረሰ ብሎ ከቀን ይጀምራል፤ ይርጋ ያገደው ክስ፣ ማለትም ሕግ ለመክሰስ የሰጠው ጊዜ ያለፈበት፣ ማስረጃው ቢጠነክርም ሊወድቅ ይችላልና። ቀጥሎ ነገሩ በምን እንደሚረጋገጥ ይጠይቃል። ከዚያ ብዙዎች የሚዘሉት ይመጣል፦ ቢፈረድልዎ ገንዘቡ ከየትኛው ንብረት ላይ ይገኛል? ንብረት የሌለውን ሰው ረትቶ ባዶ እጅ መመለስ አለ። ሰነድ ሳያይ «ያለ ጥርጥር እናሸንፋለን» የሚል ሰው ከገጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

መጥሪያ ከደረሰ ምክሩ ፈጽሞ መዘለል የለበትም። የደረሰበትን ቀን ወዲያው ይመዝግቡ፤ በብዙ አገር የመልስ ጊዜው የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው፣ ዝም ባለ ተከሳሽ ላይም በሌለበት ሊፈረድ ይችላል። ደግሞም «ይህ ፍርድ ቤት ሥልጣን የለውም» ወይም «ክሱ በይርጋ ታግዷል» የሚሉ መቃወሚያዎች ከመጀመሪያው መልስ ጋር ካልቀረቡ ብዙ ጊዜ እንደተተዉ ይቆጠራሉ። መልሱን ራሱ ጽፎ አስገብቶ በኋላ ጠበቃ የሚይዝ ሰው በጣም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ፖሊስ ቃል ሲጠይቅ ደግሞ ምክር ብቻ አይበቃም፣ ጠበቃው አጠገብ መኖር አለበት፤ የተፈረመ ቃል በኋላ ለማስተባበል እጅግ ከባድ ነውና። በ1990 እ.ኤ.አ. ሃቫና ላይ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የጸደቁት የጠበቆች ሚና መርሆዎች የታሰረ ሰው ቢዘገይ በ48 ሰዓት ውስጥ ጠበቃ እንዲያገኝ ይጠይቃሉ። በ1966 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 14 ደግሞ የፍትሕ ጥቅም በሚጠይቅበት ጉዳይ መክፈል ለማይችል ተከሳሽ ያለ ክፍያ ጠበቃ እንዲመደብለት ይላል። አቅም የለኝም ብለው ዝም አይበሉ፣ ይጠይቁ።

የአካል ጉዳት ከደረሰብዎ በኋላ ኢንሹራንስ ወይም አሠሪ «ሙሉ ክፍያዬን ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ሲያቀርብም ሳይፈርሙ ጠበቃ ያማክሩ። ሕክምናው ሳያልቅ ከተፈረመ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጪ በፈራሚው ላይ ሊቀር ይችላል። የሌላው ወገን ጠበቃ የቱንም ያህል ትሑት ቢሆን የእርስዎ አማካሪ አይደለም።

የተጠየቀው ገንዘብ ከጥብቅናው ክፍያ ካነሰ ወይም ማንም የማይቃወመው ማመልከቻ ከሆነ ራስዎ ይጨርሱት፤ ለአነስተኛ ገንዘብ ቀለል ያለ ሥርዓት ያላቸው አገሮች ብዙ ናቸው።

ሙሉ ውክልና ሲገዙ መጀመሪያ የሚመዘነው ውሉ ነው። ክፍያው በሰዓት ነው፣ በቁርጥ ነው ወይስ ከሚገኘው በመቶኛ? በመቶኛ ከሆነ ወጪ ሳይቀነስ ነው ወይስ ከተቀነሰ በኋላ? የዳኝነት፣ የባለሙያና የቅጂ ወጪስ በማን ነው? ይግባኝን ይጨምራል? ይህ የመጨረሻው ካልተጻፈ፣ ፍርድ በተሰጠ ማግስት የይግባኙ ቀን እየቆጠረ አዲስ የክፍያ ድርድር ይጀመራል። ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የውክልናው ሥልጣን ነው። ለመከራከር የተሰጠ ውክልና ለመታረቅ፣ ክስ ለመተውና ገንዘብ ለመቀበል ጭምር ተብሎ ከተጻፈ ጉዳዩ እርስዎ ሳያውቁ ሊዘጋ ይችላል። ሦስቱን ያስወጡ፤ አለዚያም በጽሑፍ ፈቃድዎ ብቻ እንዲፈጸሙ ያስጽፉ።

ጠበቃ መቀየር ካስፈለገ መጀመሪያ ቀጣዩን ቀጠሮ ያጣሩ፣ የማህደሩን ቅጂ ይረከቡ፣ አዲሱን ይያዙ። የቀድሞውን ውክልና በጽሑፍ የሚሽሩትና ለፍርድ ቤቱ የሚያሳውቁት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መሐል ላይ የዋለ ቀጠሮ ያለ ጠበቃ ያልፋል።