ደሴ ፒያሳ ያለው የቅዳሜ እንግሊዝኛ ክፍል፦ ኩዌስችን ታግን በአፍና በጆሮ

ደሴ ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ክፍል አለ። ታፔላ የለውም። ሰው ለሰው እየተነጋገረ ነው የሚሞላው። እኔም የሰማሁት ከሥራ ባልደረባዬ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ የሚመጡ የውጭ ሰዎች እኛ ጋ ያርፋሉ። የሚሉትን ከሞላ ጎደል እረዳለሁ። የሚያስቸግረኝ መጨረሻ ላይ የሚቀጥሏት ነገር ናት፦ «ኢዝንት ኢት?»፣ «ዲድንት ዩ?»፣ «ሃቭ ዩ?»። ኩዌስችን ታግ የሚባለው ይሄ ነው፤ እንደ እኛ «አይደል?» ማለት ነው።

ትምህርት ቤት የተማርነውን ሁሉም ያውቀዋል። ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፣ መጨረሻው ባዶ ይተዋል፣ እኛ እንሞላለን። ዓረፍተ ነገሩ አዎንታዊ ከሆነ ታጉ አሉታዊ፣ አሉታዊ ከሆነ አዎንታዊ። ረዳት ግሡ ይደገማል። ረዳት ግሥ ከሌለ ዱ፣ ደዝ ወይም ዲድ ይገባል። ባለቤቱ በተውላጠ ስም ይተካል። ሕጉ ትክክል ነው። ምርጫ ለማጥቆርም ይበቃል። ሰው ፊት ቆሞ ለማውራት ግን አይበቃም።

እዚህ ክፍል መምህርቷ ቾክ ሳታነሳ ነው የጀመረችው። «ኢትስ ኮልድ ቱዴይ፣ ኢዝንት ኢት?» አለችን፣ መጨረሻው ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ደሴ ናት፣ ብርዱ የታወቀ ነው፤ ጃኬት ያልደረበ አልነበረም። መብረዱን አጥታው አልጠየቀችም፤ «አዎ፣ ይበርዳል» እንድንላት ነው የፈለገችው። ቀጥላ «ዘ ሚኒባስ ሊቭስ አት ፋይቭ፣ ደዝንት ኢት?» አለች። አሁን ድምጿ ወደ ላይ ወጣ። ይሄኛው የእውነት ጥያቄ ነው። እርግጠኛ ስላልሆነች መልስ ትጠብቃለች። ሁለቱን እያፈራረቀች ደጋግማ አሰማችን፤ ከዚያ እኛን አስባለችን። ድምፅ ሲወጣና ሲወርድ ትርጉሙ እንደሚለወጥ ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን መልሱ ነው። በአማርኛ «ሙቅ ውሃ የላችሁም አይደል?» ብንባል፣ ውሃው ከሌለ «አዎ፣ የለንም» እንላለን። አዎ የምንለው ለጠያቂው አነጋገር ነው። እንግሊዝኛ የሚያየው ውሃውን ነው። «ዩ ዶንት ሃቭ ሆት ዎተር፣ ዱ ዩ?» ሲባል፣ ከሌለ «ኖ፣ ዊ ዶንት»፣ ካለ «የስ፣ ዊ ዱ»። «የስ» ብሎ ዝም ያለ እንግዳ ተቀባይ፣ ሰውየውን ሙቅ ውሃ አለ ብሎ ሻወር ያስገባዋል። እንደኔ እንግዳ ፊት ለሚውል ሰው ይሄ ተራ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም።

እሷም ይሄን በቃል ብቻ አላለፈችውም። አብሮን ከሚማረው ባጃጅ ነጂ አጠገብ ሄዳ ቆመችና «ዩ ዶንት ጎ ቱ ቧንቧ ውሃ፣ ዱ ዩ?» አለችው፤ ቧንቧ ውሃ የደሴ ሰፈር ነው። «የስ» አላት፣ አልሄድም ለማለት። «እሺ፣ ውሰደኝ» ብላ ጎኑ ቁጭ አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም ወዲያው ገባውና «ኖ፣ አይ ዶንት» ብሎ አስተካከለ።

አንድ በዕድሜ የገፉ አባትም አሉ። የልጅ ልጆቻቸው የሚኖሩት ካናዳ ነው፤ አማርኛ አይችሉም። «ስልክ ላይ አርንት ዩ፣ ዶንት ዩ ይሉኛል፤ እኔ ዝም ነው» አሏት። «አብሽሩ አባባ፣ በዚህ ሳምንት ይመልሱላቸዋል» አለቻቸው። ያስጠናቻቸውም «አይ አም ዩር ግራንድፋዘር፣ አርንት አይ?» የምትለውን ነው። እግረ መንገዷን ከሕጉ የምታፈነግጠውን ነገረችን፦ «አይ አም» ብሎ የጀመረ ታጉ «አርንት አይ» ነው። ስኮትላንድና አየርላንድ ውስጥ «አምንት አይ» የሚሉም አሉ፤ ፈተና ላይ ግን አትጻፉት አለችን።

ሌሎቹን ያፈነገጡ በፍጥነት አለፈቻቸው። «ሌትስ ሃቭ ኮፊ» ካሉ «ሻል ዊ?»። «ኖባዲ ኬም» ካሉ «ዲድ ዘይ?»፣ ኖባዲ ራሱ አሉታዊ ስለሆነ። ኔቨርና ሃርድሊም እንደዚያው። «ሂዝ» ላይ ግን ቆይታለች፤ ጥሩ አድርጋለች። «ሂዝ ስሊፒንግ፣ ኢዝንት ሂ?» እና «ሂዝ ሌፍት፣ ሃዝንት ሂ?» ለጆሮ አንድ ዓይነት ነው የሚጀምሩት፤ አንዱ ኢዝ፣ ሌላው ሃዝ ነው። ለመለየት ቀጥሎ የሚመጣውን ግሥ መስማት ግድ ይላል።

ያልወደድኩትም አለ። የሚታደለው ጽሑፍ ላይ «አይ ቲንክ ሂ ኢዝ ሪች» ለሚለው «ዶንት አይ» ተብሎ ተመልሷል። ትክክሉ «ኢዝንት ሂ» ነው። እሷ በቃል አርማዋለች፤ ወረቀቱ ግን እንዳለ እየተባዛ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፣ የመንገዱ ጫጫታም ይገባል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የድምፁን መውጣትና መውረድ በደንብ አይሰማም። የትምህርቱ ዋና ጥቅም እሱ ሆኖ ሳለ ይሄ መስተካከል አለበት። ከእሷ ድምፅ ሌላም የምንሰማው የለም፤ አንድ ስፒከርና ጥቂት የድምፅ ቅጂ ቢኖር ብዙ ይለውጣል።

ሌላው፣ «ሶ ዩ ሊቭ ሂር፣ ዱ ዩ?» የሚለው ዓይነት አልተነካም። ሁለቱም ወገን አዎንታዊ ሆኖ፣ ሰው የሰማው ነገር ሲያስገርመው ወይም ደስ ሲለው የሚለው ነው። እንግዶቻችን ይጠቀሙበታል። ጠይቄያት ለሚቀጥለው ዙር ነው አለችኝ። ከ«ሌትስ» በፊት ቢመጣ እመርጥ ነበር።

ክፍያው በወር 700 ብር ነው፤ ለሚሰጠው ትምህርት አይበዛም። ከሆጤና ከወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤቶች የሚመጡ የ12ኛ ክፍል ልጆችም አሉ፤ እነሱ ሕጉን ቶሎ ጨርሰው ወደ ጥያቄ መሥራት መሄድ ይፈልጋሉ። ለፈተና ብቻ ለሚዘጋጅ ሰው እርጋታው ሊያሰለች ይችላል። መናገር ለሚፈልግ ግን ሳልጠራጠር ሂዱ እላለሁ። ከኮምቦልቻ የምትወጡ 11 ሰዓት ስለሚያልቅ መመለሻ ሚኒባስ አታጡም። ቀደም ብላችሁ ግቡና ከመስኮቱ ራቅ ያለ የፊት ወንበር ያዙ።