እናቴን ይዤ አጃንታ

ፑኔ ማስተርሴን ልጨርስ ስል እናቴ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መጣች። ከሕንድ አንድ ቦታ ብቻ ላሳያት ብዬ አጃንታን፣ ከአለት የተፈለፈሉትን ጥንታዊ የቡድሃ እምነት ዋሻዎች፣ መረጥኩ። እንኳንም መረጥኩ።

ያደርነው አውራንጋባድ ነው። ስሟ አሁን ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ሆኗል። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1610 የቆረቆራት ማሊክ አምባር የኛው አገር ሰው ነው፤ በባርነት ተሸጦ ሄዶ እዚያ የጦር መሪ የሆነ። ይህንን ስነግራት እናቴ "እንግዲያ ዘመድ ቤት ነው ያደርነው" አለች።

ዋሻዎቹ ከከተማው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። ወደ 30 ይሆናሉ። ከወንዙ በላይ እንደ ፈረስ ኮቴ በተጠማዘዘ ገደል ላይ በተርታ ተፈልፍለዋል። የቀደሙት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት፣ የኋለኞቹ ከልደት በኋላ በ5ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ ናቸው። ከዚያ ጫካ ዋጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1819 ነብር ሊያድን የወጣ የእንግሊዝ መኮንን አገኛቸው። ስሙን ዋሻ 10 ውስጥ ሥዕል ላይ ጭሮበት ሄዷል። ያናድዳል!

ደረጃው ብዙ ነው። አራት ሰው የሚሸከመው ወንበር በኪራይ አለ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ግን "ላሊበላን በእግሬ የወጣሁ ሴት ነኝ" ብላ እምቢ አለች። ዋሻው በር ላይ ጫማ አውልቁ ሲባልማ ማንም ሳያስረዳት ቀድማ አወለቀች።

ዋሻ 1ን አትሩጡበት። ስትገቡ ጨለማ ነው፤ ፍላሽም ክልክል ነው። ዓይናችሁ እስኪለምድ ቁሙ። ቀስ እያለ አበባ የያዘው ፓድማፓኒ፣ የቡድሃ እምነት ቅዱስ፣ ይወጣል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ወደ ታች ጥሎ። ሥዕሉ የተሣለው ጭቃ ከእበትና ከገለባ ጋር ተለውሶ በተለሰነ ግድግዳ ላይ ነው። እናቴ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ አየችና "ይሄማ የኛ ምርጊት ነው" አለች። አያቴ ቤት በየዓመቱ ስትመርግ ያደገች ናት። ያን ቀን ከሰማሁት ማብራሪያ ሁሉ የገባኝ ይኼ ነው።

ቅሬታዬ ከተማው ውስጥ በተከራየነው መኪና ላይ ነው። "አጃንታንም ኤሎራንም በአንድ ቀን አሳያችኋለሁ" ብለው ተቀበሉን። ኤሎራ ሌላ የዋሻዎች ቦታ ነው፤ ያለውም በሌላ አቅጣጫ ነው። ሹፌሩ ከዋሻ 2 ጀምሮ እየደወለ ያጣድፈን ነበር። እባካችሁ ለአጃንታ ሙሉ ቀን ስጡት። ሰኞ ዝግ ነው። ለውጭ አገር ሰው መግቢያው 600 ሩፒ ነበር፤ አይቆጭም። ውኃ ያዙ፤ ገደሉ ፀሐዩን ይዞ ያቃጥላል።

ጉልበት ካነሳችሁ መሀል ያሉትን ዝለሉና ዋሻ 26 ድረሱ። ግራ ግድግዳው ላይ ቡድሃ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ሲሞት ተቀርጿል፤ 7 ሜትር ያህል ይረዝማል። ከአለቱ የወጣው ትራስ እንኳ ራሱ ያረፈበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል። ከሥሩ ደቀ መዛሙርቱ ተደርድረው ያለቅሳሉ። አንዱ ጭንቅላቱን በእጁ ደግፏል።

እናቴ ስለ ቡድሃ የምታውቀው ነገር የለም። ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች። "ለቅሶ ቤት ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጣፋችና ቆመች። ስልኬ ጠራ፤ ሹፌሩ ነው። አላነሳሁም።