ገልብጦ መግዛት፦ ከገበያ የተሰበሰቡ መጫወቻዎችና አማራጮቻቸው ጎን ለጎን

የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላት ሁለት ዘፋኝ መጫወቻ በስጦታ መጣላት። አንዱ ዳክዬ ነው፣ ሌላው ስልክ። ሁለቱም ሲነኩ ይዘፍናሉ። ሁለቱም መብራታቸው ይንቦገቦጋል። ሁለቱም የእናቷን ራስ ያዞራሉ። ዳክዬውን ገለበጥኩት። የባትሪው ክዳን በብሎን ተይዟል፤ ያለ ካቻቢቴ ንቅንቅ አይልም። ስልኩን ገለበጥኩት። ክዳኑን በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ሸርተት አለና ሦስት ትንንሽ ክብ ባትሪዎች መዳፌ ላይ ዱብ ዱብ አሉ። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ ነበር። ወዲያው እጇን ዘረጋች። ወደ ስልኩ አይደለም፤ ወደ ባትሪዎቹ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መጫወቻ የምገዛው ገልብጬ ካየሁ በኋላ ነው።

አንድ መጫወቻ «ከገበያ ይሰብሰብ» በተባለ ቁጥር የሚነሳ ክርክር አለ። «እኛ ስንቱን ውጠን አደግን! ወላጅ ልጁን ይጠብቅ እንጂ ፋብሪካው ምን አደረገ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሙሉ በሙሉ ስህተት ነው አልልም። ከብስክሌት የሚወድቅ ልጅ ስላለ ብስክሌት አይሰበሰብም። እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። አደጋውን የወላጅ ዓይን ሊያየው ይችላል ወይ? የሚታይ ከሆነ ምርጫው የወላጅ ነው። የማይታይ ከሆነ ግን «ጠብቁ» ማለት ፌዝ ነው።

የማይታየው ምን ያህል እንደሚደበቅ ለማወቅ የ2007ን ነገር ማስታወስ ይበቃል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቢንዲዝ የሚባል መጫወቻ ነበር፤ በአሜሪካ አኳ ዶትስ ተብሎ ይሸጥ ነበር። በቀለም ያሸበረቁ ትንንሽ ዶቃዎች ናቸው። ልጁ ስዕል አድርጎ ይደረድራቸዋል፣ ውሃ ሲረጭባቸው ይጣበቃሉ። በዚያው ዓመት በአውስትራሊያ የዓመቱ መጫወቻ ተብሎ ተሸልሟል። ከዚያ የዋጡት ልጆች ራሳቸውን እየሳቱ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። ለካ ማጣበቂያው ውስጥ በታሰበው ኬሚካል ፋንታ ሌላ ገብቶበታል። ያ ኬሚካል ሆድ ሲገባ ሰውነት ራሱ ወደሚያደነዝዝ መድኃኒት ይቀይረዋል። በአሜሪካ ብቻ 4.2 ሚሊዮን ያህል ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ። ይህን የትኛዋ እናት በዓይኗ ልታየው ትችላለች? እዚህ ላይ መሰብሰብ ተገቢ ነው አይደለም ብሎ መከራከር ጊዜ ማጥፋት ነው።

አሁን ወደ መደርደሪያው እንሂድ።

የማግኔት ኳስ ወይስ የማግኔት ሰሌዳ?

ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

የማግኔት ኳሶቹ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ናቸው። ያብረቀርቃሉ፣ እርስ በርሳቸው ጥብቅ ይላሉ፣ ከነሱ የማይሠራ ቅርጽ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም እጄ ላይ ቢገቡ አላስቀምጣቸውም። ሰሌዳዎቹ ደግሞ ባለ ሦስትና ባለ አራት ማዕዘን ፕላስቲኮች ናቸው። ማግኔቱ ጠርዛቸው ውስጥ ተቀብሯል።

አንድ ማግኔት ብቻ የዋጠ ልጅ ብዙ ጊዜ ከሰገራ ጋር ያወጣዋል። ጉዱ ሁለት ሲሆን ነው። አንዱ በዚህኛው የአንጀት እጥፋት፣ ሌላው በወዲያኛው ሆነው ይፈላለጋሉ። መሃላቸው ያለውን ሥጋ ቆንጥጠው ይይዛሉ። ደም አያልፍም። ሥጋው ይሞታል፣ ከዚያ ይበሳል። ልጁ ላይ የሚታየው ግን ማስመለስና የሆድ ቁርጠት ነው። ማንም ሰው «የበላው አልተስማማውም» ብሎ ያልፈዋል። ራጅ ሲነሳም ሁለቱ ተጣብቀው አንድ መስለው ሊታዩ ይችላሉ።

የዚህ ታሪክ ረጅም ነው። መጋቢት 2006 ላይ ማግኔቲክስ የሚባል የግንባታ መጫወቻ 3.8 ሚሊዮን ስብስብ ከገበያ ይሰብሰብ ተባለ። የ20 ወር ሕፃን ሞቶ ነበር። ጥፋቱ ማግኔቶቹ ከፕላስቲኩ ውስጥ እየወለቁ መውደቃቸው ነው። ቀጥሎ «ለአዋቂ የጠረጴዛ መዝናኛ» ተብለው የሚሸጡት ኳሶች መጡ። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በ2012 ሻጮቹን ከሰሰ፣ በ2014 ደንብ አወጣ። ደንቡን በ2016 ፍርድ ቤት ሻረው። በ2022 አዲስ ደንብ ወጣ። የፊተኛው ተሽሮ አዲሱ እስኪወጣ ኳሶቹ እንደ ልብ ገበያ ላይ ነበሩ።

የሻጮቹ መከራከሪያ ቀላል አልነበረም። «ለአዋቂ ነው የሸጥነው፣ ካርቶኑ ላይ ጽፈናል፣ የወላጅ ጥፋት ለምን በኛ ይመጣል?» ነበር ያሉት። እኔን ያላሳመነኝ አንድ ቁጥር ነው። የታወቀው ስብስብ 216 ኳስ ነበረው። ከ216 አንዱ ሶፋ ስር ቢገባ ማን ያውቃል? ማንስ ቆጥሮ ይመልሳል? ደግሞም የሚውጠው ሕፃን ብቻ አይደለም። ጎረምሶችና ኮረዶች ምላሳቸውን የተበሱ ለመምሰል አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ያደርጉና ሲስቁ ይውጡታል።

ስለዚህ ልጅ ባለበት ቤት ኳሱን አትግዙ። «ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ» የሚባለው አይሠራም። ሰሌዳውን ግዙ፤ እሱንም ግን አይታችሁ። ጥሩው ሰሌዳ ጠርዙ ከመጣበቁ ሌላ ማዕዘኑ ላይ በትንንሽ የብረት ምስማር ተይዟል። ሁለቱን የፕላስቲክ ገጾች በጥፍራችሁ ለመለያየት ሞክሩ። ክፍተት ካለው መልሱት። ከወራት በኋላ ስንጥቅ ያወጣ ሰሌዳ ካያችሁ ደግሞ ያን አንዱን አውጥታችሁ ጣሉት። በ2006 የተፈጠረው ይኸው ነበር።

ክብ ባትሪ ወይስ የሪሞት ባትሪ?

ወደ ዳክዬውና ስልኩ ልመለስ። ጠፍጣፋዋ፣ ሳንቲም የምታክለዋ የሊቲየም ባትሪ 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ቮልት አላት። ለልጅ የምግብ ቧንቧ ልክ የተሠራች ይመስል እዚያው ትቀረቀራለች። ሰው የሚፈራው ፈሳሿ እንዳይወጣ ነው። ፈሳሹ ባይወጣም ታቃጥላለች። እርጥበት ሲያገኛት ኤሌክትሪክ ታስተላልፋለች፣ በዙሪያዋ ሥጋን የሚበላ ነገር ይፈጠራል። ከባድ ቃጠሎ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ይበቃታል። መጫወቻውን ማዘፈን ያቃታት «የሞተች» ባትሪ እንኳ ለዚህ የሚሆን ጉልበት አላት። ልጅ ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት አትጠብቁ፣ እንዲያስመልስም አታድርጉ። በቀጥታ ሆስፒታል።

በምርጫው ግልጽ ነኝ። ሁለት መጫወቻ እኩል ከሆነ በሪሞት ባትሪ፣ ማለትም ባለ ሁለት ኤ በሆነው የሚሠራውን ውሰዱ። የሱም ክዳን በብሎን ይታሰር። ክብ ባትሪ ግድ ከሆነ ብሎን የሌለውን አትንኩ። አስቂኙ ነገር፣ የመጫወቻ ደንብ ብሎን እንዲኖር ሲያስገድድ የኖረ ነው። ሲያመልጥ የኖረው መጫወቻ ያልሆነው ነው። የሚዘፍን የልደት ካርድ፣ የኩሽና ሚዛን፣ በባትሪ የሚበራ ሻማ፣ ትንሿ ሪሞት። አውስትራሊያ በሰኔ 2022፣ አሜሪካም በዚያው ዓመት ነሐሴ ነው እነዚህንም በሕግ የያዙት። መጫወቻውን መርምራችሁ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሪሞት ከረሳችሁ ግማሽ ሥራ ነው።

ውሃ ላይ የሚያብጡት ዶቃዎች

እነዚህን አጭር ላድርጋቸው። ደረቅ ሲሆኑ የስፒል ራስ ያክላሉ፣ ውሃ ሲጠጡ ብይ ያክላሉ፣ አንዳንዱ ከዚያም ይበልጣል። ሆድ ውስጥም ያው ናቸው፤ አብጠው አንጀት ይዘጋሉ፣ ራጅ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይታዩም። መስከረም 2023 በአሜሪካ 52,000 ያህል ስብስብ ተሰበሰበ፤ የ10 ወር ሕፃን ሞታ ነበር። ያቺ ሕፃን መጫወቻው የተገዛላት አልነበረችም። ታላቅ ልጅ ሲጫወት የፈነጠረ አንድ ፍሬ ታናሽን ያገኛል። በምትኩ ሊጥ መሰል ማድቦልቦያ፣ አሸዋ፣ ወይም አንድ ሳፋ ውሃና ሁለት ኩባያ። ያው ጨዋታ ነው።

የተቀባ ወይስ ያልተቀባ?

እዚህ የሚያሰጋው ቀለም ውስጥ የሚገባው እርሳስ ነው። እርሳስ ስል የመጻፊያውን አይደለም፤ ብረቱን ነው። ልጁ ቀለሙን በጥርሱ ይፍቃል፣ እርሳሱ አእምሮውን ይጎዳል። ነሐሴ 2007 የመጫወቻ ኩባንያው ማቴል 1.5 ሚሊዮን ያህል የፊሸር ፕራይስ መጫወቻ በዚህ ምክንያት ሰበሰበ። በዚያው ወር በማግኔት ምክንያት በዓለም ዙሪያ ከ18 ሚሊዮን በላይ ጨመረ። ሁሉም ጣቱን ወደ ቻይና ፋብሪካዎች ቀሰረ። በመስከረም ግን የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊ ቤጂንግ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። አብዛኛው የተሰበሰበው ዕቃ ጥፋቱ የኛ የንድፍ ስህተት ነው፣ የአምራቹ አይደለም አሉ። «የየት አገር ነው?» ብሎ ብቻ መግዛት ለምን እንደማይበቃ ከዚህ ወዲያ ማስረጃ አልፈልግም።

በ2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የቀለምን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ። ስለዚህ አዲስ የተቀባ መጫወቻና ከአያት የወረደ የተቀባ መጫወቻ ጎን ለጎን ቢቀርቡልኝ፣ ልቤ ወደ አሮጌው ቢያደላም አዲሱን እገዛለሁ። አሮጌው መደርደሪያ ላይ ያምራል፤ እዚያው ይቀመጥ። ከሁሉ የምወደው ያልተቀባ፣ ልሙጥ እንጨት ነው። ልጆቹ ግን እንደኔ አይወዱትም፣ ይሄን አልደብቅም።

ፊኛ፣ ማንም የማይሰበስበው

እዚህ ላይ የራሴ መስፈርት ይንገዳገዳል። የጎማ ፊኛ ያልተነፋ ወይም የፈነዳ ሲሆን ልጅ ያንቃል። ቁራጩ ጉሮሮ ላይ እንደ ክዳን ይለጠፋል፣ በሳልም አይወጣም። የአሜሪካ ሕግ ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት ያዛል። ይሰብሰብ ያለ ግን የለም። አደጋው ይታያል ተብሎ ነው? ስንቱ ወላጅ ያውቀዋል? ለኔ ይህ ልማድ ነው፤ ፊኛ ዛሬ የተፈለሰፈ ቢሆን ኖሮ ፈቃድ የሚያገኝ አይመስለኝም። ለትንሽ ልጅ ኳስ ይሻላል፣ ኳሱም ከ44.4 ሚሊ ሜትር የሰፋ ይሁን። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ በአሜሪካ የተቀመጠው ልክ ይኸው ነው።

ሜትር የማይዝ ሰው የሶፍት ጥቅል መሃል ያለውን ካርቶን ይያዝ። ላቦራቶሪ የሚጠቀምበት መለኪያ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ካርቶኑ ከሱ ሰፋ ይላል። በካርቶኑ ያለፈ ነገር ለትንሽ ልጅ አይሰጥ። የእህቴን ቤት የመጫወቻ ቅርጫት በዚህ ስፈትሽ የመኪና ጎማ፣ የአሻንጉሊት ጫማና ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የሸሚዝ ቁልፍ ሾልከው ወደቁ።

ጽሑፉን ማመን

ፊት ተስሎ 0-3 ተጽፎበት በቀይ የተሰረዘውን ምልክት ብዙ ወላጅ የችሎታ ጉዳይ ያደርገዋል። «የኔ ልጅ ከዕድሜዋ ቀድማለች» ይላል። ምልክቱ ስለ መታነቅ ነው። ጎበዝ ልጅም ጉሮሮዋ ያው ነው። ሲኢ የሚለው የአውሮፓ ምልክት ደግሞ በአብዛኛው የአምራቹ የራሱ ቃል ነው፤ መንግሥት መርምሮ ያተመው ማኅተም አይደለም። ከሌለው ጥርጣሬ ይግባችሁ፣ ካለው ግን መገልበጡን አትተዉ።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

መሰብሰብ ተገቢ ነው ብያለሁ። ይሠራል ወይ ከተባለ፣ በከፊል። መጫወቻ ባይሆንም የፊሸር ፕራይስ የሕፃን መወዝወዣ አልጋ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ30 በላይ ሕፃናት ከሞቱ በኋላ በ2019 4.7 ሚሊዮኑ ይሰብሰብ ተባለ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይባስ ብሎ በጥር 2023 ኮሚሽኑ ጥሪውን ሲደግም፣ ከመጀመሪያው ጥሪ በኋላ ቢያንስ 8 ሕፃናት እንደሞቱ ተናገረ። አልጋዎቹ ከመደብር ወጡ እንጂ ከቤት አልወጡም። ከዘመድ ወደ ዘመድ ይዞሩ ነበር።

ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ ወይም ስትቀበሉ ከስር የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር አንብቡ። በ2012 በተከፈተው የኦኢሲዲ (የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) ዓለም አቀፍ የመሰብሰብ ማውጫ ወይም ሴፍቲ ጌት በሚባለው የአውሮፓ የአደገኛ ዕቃዎች ማውጫ ፈልጉት። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ እኔ አልወስድም። የተሰበሰበ ዕቃ ቤታችሁ ካገኛችሁ ገንዘብ የሚመልሰውን አማራጭ ምረጡ፤ «መጠገኛ እንልካለን» የሚለው ዕቃውን እዚያው ቤት ያቆየዋል። የምትጥሉት ከሆነም ሰብራችሁ ጣሉ፤ ሌላ ሰው አንስቶ ለልጁ እንዳይወስደው።

የእህቴን ልጅ ስልክ ግን አልጣልኩትም። ሦስቱን ባትሪዎች በፕላስተር ጠቅልዬ ወሰድኩ፣ ክዳኑንም አስወገድኩት። አሁን አይዘፍንም። እሷ እንደሆነ ዛሬም ትደውልበታለች። እናቷ ዳክዬውንም እንዳደርግላት እየለመነችኝ ነው።