ነጠላው ሸክላ ወይስ አልበሙ? የድሮ ሶል ከመግዛታችሁ በፊት

ሶል የሚባለውን የድሮ የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ግራ ያጋባዋል። ዘፈኑ ያው፣ ዘፋኙም ያው፤ ግን አንዱ ቅጂ 7 ደቂቃ ሲሆን ሌላው ወደ 12 ይጠጋል። አንዱ ላይ ድራሙ ደረት ይመታል፣ ሌላው ላይ ከጥግ ነው የሚሰማው። ሻጩ ሁለቱንም «ኦሪጅናል ነው» ይላችኋል፤ አልዋሸም። ታዲያ ብር የሚወጣው ለየትኛው ነው?

የኔ መልስ አጭር ነው። የ1960ዎቹ አጋማሽ ዘፈን ከሆነ ነጠላውን፣ ማለትም በየገጹ አንድ ዘፈን ብቻ ያለውን ትንሽ ሸክላ፣ በሞኖ (ሁሉም ድምፅ ተቀላቅሎ በአንድ መስመር በሚመጣበት) ግዙ። ከ1969 ወዲህ የወጣና ረጅም ከሆነ አልበሙን ግዙ። ከዚህ የሚያፈነግጡ አሉ፤ እነሱንም አነሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ልዩነቱን ያመጣው በመጀመሪያ ሸክላው ራሱ ነው። ነጠላው ትንሽ ነው፣ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል። ረጅም ዘፈን ሲጫንበት መስመሮቹ ይጠብባሉ፣ ድምፁም ይደክማል። ሬዲዮ ጣቢያዎችም ወደ 3 ደቂቃ የሚጠጋ ዘፈን ነበር የሚፈልጉት። አልበሙ ግን በደቂቃ 33 ጊዜ እየዞረ በአንድ ገጽ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ዘፈን ወደ ሁለት ገበያ ሲሄድ መልኩ ተለያየ።

ሞታውን ከተባለው የዲትሮይት ሸክላ አሳታሚ እንጀምር። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች በ1960ዎቹ ሲሠሩ በሐሳባቸው የነበረው የመኪና ሬዲዮና ትንሹ ትራንዚስተር ነው። አንድ ስፒከር ብቻ ያለው ማለት ነው። ድራሙ፣ ቤዙ፣ ታምቡሪኑና ድምፁ አንድ ላይ ተጠጋግተው ከዚያች ትንሽ ሳጥን እንዲፈነዱ አድርገው ቀላቀሏቸው። በሁለት ስፒከር የሚሰማው ስቴሪዮ ለአልበም ገዢ የተዘጋጀ ሌላ ቅልቅል ነው። ያን ጊዜ ብዙ ስቴሪዮ ቅጂዎች ላይ መሣሪያው ወደ አንድ ጆሮ፣ ድምፁ ወደ ሌላው ይሄዳል። በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙት ባንዱ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። የሞታውን ቡድኖች የሆኑትን የፎር ቶፕስን ወይም የሰፕሪምስን ነጠላ በሞኖ ከሰማችሁ በኋላ ወደ ስቴሪዮው መመለስ ይከብዳል። እኔ ለዚህ ዘመን ስቴሪዮ አልገዛም።

ያረጁ ሸክላዎችን ማሳደድ ካልፈለጋችሁ ሁለት የሲዲ ስብስቦች አሉ። በ1992 የወጣው «ሂትስቪል ዩኤስኤ» በ4 ሲዲ 104 የሞታውን ነጠላዎችን ይዟል። የሜምፊሱን አሳታሚ ስታክስን የምትወዱ ደግሞ በ1991 የወጣው፣ ከ1959 እስከ 1968 ያለውን የሚሸፍነው የስታክስና የእህት ስያሜው የቮልት ነጠላዎች ሙሉ ስብስብ አለ፤ 9 ሲዲ፣ 244 ዘፈን። ውድ ነው። ግን ዘፈኖቹን አንድ በአንድ በሸክላ እገዛለሁ ካላችሁ ሒሳቡ ከዚያም ይብሳል።

አሁን ወደ ረጃጅሞቹ። እዚህ ላይ ልቤ ያለው የሞታውኑ ቡድን ቴምፕቴሽንስ ዘንድ ነው። በ1972 የወጣው «ፓፓ ዋዝ ኤ ሮሊን ስቶን» «ኦል ዳይሬክሽንስ» በተባለው አልበም ላይ 12 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ነጠላው ላይ ወደ 7 ደቂቃ ወርዷል። የ5 ደቂቃ ልዩነት ነው፤ ግን ዋናው ነገር ከየት እንደተቆረጠ ነው። ፕሮዲውሰሩ ኖርማን ዊትፊልድ ዘፋኞቹን ያስጠብቃቸዋል። መጀመሪያ ቤዙ ይመጣል፤ ጥቂት ኖታ ይልና ዝም ይላል። ሃይ ሃቱ (የድራሙ ጥንድ ጸናጽል) ሳያቋርጥ ይቆጥራል። ቫዮሊኖቹ ከሩቅ ይገባሉ። ጊታሩ ዋ-ዋ እያለ ያጉረመርማል፣ ትራምፔቱ ይጮህና ማሚቶው ይመልስለታል። በአልበሙ ላይ የመጀመሪያው ቃል እስኪሰማ 4 ደቂቃ ሊሞላ ነው። በነጠላው ላይ 2 ደቂቃ አካባቢ። ዘፈኑ የሞተ አባታቸውን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ልጆች እናታቸውን የሚጠይቁበት ነው። ያ ረጅም ጥበቃ ጥያቄውን ያከብደዋል። ነጠላው ተወዳጅ ሆኖ በአሜሪካ 1ኛ ወጥቷል፤ መጥፎ ነው አልልም። ግን የምትገዙት አንድ ብቻ ከሆነ አልበሙን አታልፉት። ነጠላው የራሱ ጥቅም አለው፦ ጀርባው ላይ በመሣሪያ ብቻ የተሠራው ቅጂ አለ፣ እሱም ግራሚ አግኝቷል። ባንዱን ለመስማት ለምትፈልጉ ደህና ግዢ ነው።

አይዛክ ሄይስ ላይ ምንም አልጠራጠርም። «ሆት በተርድ ሶል» በ1969 ሲወጣ በሙሉ አልበሙ ላይ 4 ዘፈን ብቻ ነበር። «ዎክ ኦን ባይ» 12 ደቂቃ ነው፤ ለነጠላ ሲቆረጥ 5 ደቂቃ እንኳ አልቀረለትም። «ባይ ዘ ታይም አይ ጌት ቱ ፊኒክስ» ከ18 ደቂቃ ያልፋል። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ንግግር ነው። ኦርጋኑ አንድ ድምፅ ላይ ቆሞ፣ ድራሙ ቀስ እያለ፣ ሄይስ የዘፈኑን ሰውዬና የሚስቱን ታሪክ እንደ ጎረቤት ወሬ ያወጋችኋል። መዝፈን ሲጀምር ሰውየውን ታውቁታላችሁ። ነጠላው ላይ ከዚያ ወሬ ብዙው የለም፤ የቀረው ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው የሚዘፍነው ቆንጆ ዘፈን ነው። ነጠላውን ተዉት።

ማርቪን ጌይ ግን ሁለቱንም ያስገዛል። «ዋትስ ጎይንግ ኦን» («ምን እየሆነ ነው?») በነጠላ የወጣው በጥር 1971 ነው፤ አልበሙ በግንቦት ተከተለ። ነጠላው በሞኖ ነው፣ ጠበቅ ያለ ነው፣ ለብቻው ጀምሮ ለብቻው ያልቃል። አልበሙ ላይ ዘፈኑ ሳይቋረጥ ወደሚቀጥለው ይፈስሳል። ከጦርነት የተመለሰው ወንድም የሰፈሩን ወሬ የሚጠይቅበት ዘፈን ነው የሚከተለው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ወዲያው ሰው ያገኛል። ይህን ነጠላው ሊሰጣችሁ አይችልም። ታዲያ ነጠላው ለምን? ለጀርባው። «ጋድ ኢዝ ላቭ» ነጠላው ላይ 3 ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረውም፣ አልበሙ ላይ ከ2 ደቂቃ ያንሳል፣ አሠራሩም ይለያል። በ2001 የወጣው ሰፋ ያለ የሲዲ እትም ነጠላዎቹንም፣ ዲትሮይት ውስጥ የተሠራውን የመጀመሪያ ቅልቅልም አብሮ ይዟል። ያን ካገኛችሁ ሌላ አትፈልጉም።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ኦጄይስ የተባለው ቡድን «ፎር ዘ ላቭ ኦፍ መኒ» አልበሙ ላይ ከ7 ደቂቃ በላይ ነው፣ ነጠላው 4 አይሞላም፤ የአንቶኒ ጃክሰን ቤዝ እስኪበቃችሁ የምትሰሙት አልበሙ ላይ ነው። የከርቲስ ሜይፊልድ «ሙቭ ኦን አፕ» 9 ደቂቃ ሊሞላ የሚጠጋ ነው። በ1971 እንግሊዝ ውስጥ ተወዳጅ የሆነው ነጠላ ወደ 3 ደቂቃ ነው፤ ኮንጋ ከበሮውና የናስ መሣሪያዎቹ የሚፋፋሙበት ክፍል ተቆርጧል። ለጭፈራ ቤት ነጠላው ይሆናል፣ ለቤት አልበሙ።

ጄምስ ብራውን የራሱ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዓለማየሁ እሸቴ መድረክ ላይ ሲወዛወዝ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ስለነበር፣ ለኛ ሰው ይህ ድምፅ እንግዳ አይደለም። በ1965 የወጣው «ፓፓስ ጎት ኤ ብራንድ ኒው ባግ» ሲቀረጽ 7 ደቂቃ ገደማ ነበር። ለነጠላ ሲዘጋጅ መግቢያው ተቆረጠ፣ ፍጥነቱ ተጨመረ፣ ከቀሪውም የተወሰነው በሁለቱ ገጾች ላይ ተከፈለ። ያልተቆረጠው በ1991 «ስታር ታይም» በተባለው ባለ 4 ሲዲ ስብስብ ላይ ወጥቷል። ቀርፋፋ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳው ነጠላው ነው። እዚህ መቀሱ ዘፈኑን ጠቅሞታል።

ስትገዙ ከሽፋኑ በፊት ደቂቃውን እዩ። የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ የሚባሉት ላይ ብዙ ጊዜ የሚገባው የተቆረጠው ነው፣ ሽፋኑ ግን አይነግራችሁም። ከኢንተርኔት ለምታወርዱ ወይም በስልክ ለምትሰሙም ያው ነው፤ ከርዕሱ ጎን ያለው ቁጥር ነው የሚያጋልጠው። ያገለገለ ነጠላ ሲሆን መብራት ስር አዘንብላችሁ ተመልከቱት። ጁክቦክስ (ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ የሚያጫውት ማሽን) ውስጥ የኖረ ከሆነ መስመሮቹ ግራጫ ይሆናሉ፣ ድምፁም ይንሿሿል። የአሜሪካ ነጠላ መሃሉ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ስላለው በተራ ማጫወቻ ላይ በትክክል እንዲቀመጥ መሃሉ የሚገባው ትንሽ ክብ ፕላስቲክ ያስፈልጋል። ሻጩ ካለው አብራችሁ ጠይቁት።