ራይፕ አትላስ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተቋማት ያዋጣል ወይ?

ራይፕ አትላስ የኢንተርኔትን ጤና በጋራ የሚለካ መድረክ ነው። መቀመጫውን አምስተርዳም ያደረገው፣ የኢንተርኔት አድራሻዎችን የሚያከፋፍለው ራይፕ ኤንሲሲ በ2010 እ.ኤ.አ. ጀመረው። በየአገሩ ያሉ ተቋማትና ግለሰቦች ፕሮብ የሚባለውን መለኪያ በየመስመራቸው ላይ ያኖራሉ፤ በምላሹ በሌሎች ፕሮቦች ላይ ፒንግ (የፓኬት፣ ማለትም የቁራጭ መረጃ፣ ደርሶ መልስ ጊዜ)፣ ትሬስራውት (ፓኬቱ የሚያልፍባቸው ጣቢያዎች)፣ የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር አገልግሎት) እና የቲኤልኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ልኬት ያዝዛሉ። ክፍያ የለውም። ለወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ለኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ ለወልዲያ መምህራን ፍርዳችን አንድ ነው፦ ግቡበት።

ይህን የምንለው ከአቅም ጋር አገናዝበን ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2020 የተዘጋው የተመራማሪዎች የኔትወርክ መሞከሪያ ፕላኔትላብ አባል ተቋማትን ከፋየርዎል (መስመሩን ከሚያጣራው መከላከያ) ውጭ የሚቀመጡ ቢያንስ ሁለት ሰርቨሮች ይጠይቅ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ንብረታቸው ለተዘረፈባቸው የወሎ ግቢዎች እንዲህ ያለው ቅድመ ሁኔታ በሩን ይዘጋል። አትላስ ግን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል።

መግቢያው ሁለት ነው። አንደኛው መሣሪያውን በማመልከቻ ማግኘት ነው፤ ፕሮብ የሌለባቸው ኔትወርኮች ቅድሚያ ስላላቸው የወሎ ተቋም ጥሩ ዕድል አለው፤ ሆኖም ዕቃው ከውጭ ስለሚመጣ የፖስታውና የጉምሩኩ ጣጣ አለ። ሁለተኛውና እኛ የምንመርጠው የሶፍትዌር ፕሮብ ነው። ዴቢያን (የሊኑክስ ዓይነት) በተጫነበት ማሽን ወይም ቨርችዋል ማሽን ላይ የራይፕን ሪፖዚተሪ (የፓኬጅ ማከማቻ) ጨምሮ ፓኬጁን መጫን ነው። ሲጫን ራሱ የቁልፍ ጥንድ ያመነጫል፤ የሕዝብ ቁልፉን ገልብጦ በማመልከቻ ቅጹ ላይ ከከተማው ስምና ከኔትወርኩ የኤኤስ ቁጥር (ኔትወርኩ በኢንተርኔት ላይ ከሚለይበት ቁጥር) ጋር መሙላት ነው። መስመሩ በቀጥታ ከኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ ቁጥሩ 24757 ነው። በሌላ ድርጅት መስመር የሚወጣ ግቢ ግን በግምት አይሙላ፤ ከማሽኑ ወደ ውጭ የሚታየውን አይፒ አድራሻ አይቶ የማን እንደሆነ ያጣራ። ማሽኑን ክሎን (ሙሉ ቅጂ) አድርጎ ሌላ ግቢ ላይ ማስነሣትም ችግር ያመጣል፤ ፕሮብ የሚታወቀው በቁልፉ ስለሆነ አንድ ቁልፍ ሁለት ቦታ ላይ ሲታይ መለያው ይምታታል።

ብዙ ሰው የሚቸገረው ፋየርዎሉ ላይ ነው። ፕሮቡ ከውጭ ምንም ፖርት እንዲከፈትለት አይፈልግም፤ ብዙ ማሽኖች አንድ አድራሻ ከሚጋሩበት ከናት ጀርባም ይሠራል። የሚፈልገው ወደ ውጭ በቲሲፒ 443 መውጣት፣ ዲኤንኤስና ፒንግ ነው። ችግሩ በ443 የሚያልፈው በዚያ ፖርት የተለመደው ቲኤልኤስ ሳይሆን ኤስኤስኤች የተባለ ሌላ የተመሰጠረ ግንኙነት መሆኑ ነው። የፓኬት ይዘት የሚመረምር ፋየርዎል «443 ላይ ቲኤልኤስ ያልሆነ ነገር አየሁ» ብሎ ይቆርጠዋል፤ የአይሲቲ ባለሙያው ደግሞ ፖርቱ ክፍት መሆኑን አይቶ ግራ ይገባዋል። መፍትሔው ለፕሮቡ አድራሻ ብቻ ምርመራውን ማንሣት ነው። ዋይፋይ ላይ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ገጽ ካለም ፕሮብ ቅጽ መሙላት አይችልም፤ በማክ አድራሻው (በኔትወርክ ካርዱ መለያ) ነጻ ይደረግ፤ የተሻለው ግን በኬብል ስዊች ላይ መሰካት ነው።

መብራት ሌላው ፈተና ነው። ፕሮቡን ዩፒኤስ ላይ አድርጎ ስዊቹን ወይም ራውተሩን ያለ ዩፒኤስ መተው ጥቅም የለውም፤ ሦስቱም አብረው ይሁኑ። ሦስተኛው ትውልድ መሣሪያ፣ ማለትም ትንሿ የቲፒ ሊንክ ራውተር፣ ያላቸው ተቋማት ይህን ይወቁ፦ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲጠፋ የዩኤስቢ ፍላሹ ሊበላሽ ይችላል። ከመብራት ነቅሎ ፍላሹን ማውጣት፣ ያለ ፍላሽ ማስነሣት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ መልሶ መሰካት አብዛኛውን ጊዜ ያድነዋል።

ስለ ክሬዲት፣ ማለትም ልኬት ስለሚታዘዝበት ነጥብ። የተገናኘ ፕሮብ በደቂቃ 15፣ በቀን 21,600 ክሬዲት ያስገኛል። ሦስት ፓኬት ያለው አንድ ፒንግ 3 ክሬዲት ነው፤ በየአራት ደቂቃው ከተላከ በቀን 360 ጊዜ፣ 1,080 ክሬዲት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ፕሮብ ሌት ተቀን ቢሠራ ከሃያ ፕሮቦች የሚላክ ፒንግ ይሸፍናል። ትሬስራውት 30 ስለሚወስድ በየሩብ ሰዓቱ ብቻ ይታዘዝ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚላክ ልኬት ዋጋው እጥፍ ነው።

በዚህ ምን ይለካል? ከደሴ አዲስ አበባ በመንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ደርሶ መልሱ ከ4 ሚሊሰከንድ ብዙ መራቅ የለበትም፤ የኬብሉ ጥምዝና መሣሪያዎቹ ጥቂት ቢጨምሩ አይገርምም። ልኬቱ 100 ካለፈ ዝቅተኛውን ቁጥር ሌሊት ላይ እዩ። ሌሊት ወርዶ ቀን የሚወጣ ከሆነ መስመሩ ተጨናንቋል። ሌሊትም ካልወረደ ፓኬቱ ከአገር ወጥቶ ይመለስ እንደሆነ ትሬስራውቱ ያሳያል። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ጥያቄ ለሚፈልግ ተማሪ ይህ ብቻውን ይበቃል።

ጉድለቱንም እንናገር። የፈለጉትን ድረ ገጽ ከፍቶ የማውረድ ፍጥነት መለካት አይቻልም፤ የኤችቲቲፒ ልኬት አንከር ወደተባሉት ትልልቅ ጣቢያዎች ብቻ ነው። ውጤቱ ለማንም ክፍት ነው። የፕሮቡ ቦታ ካርታ ላይ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ተዛብቶ ይታያል። የግቢው ሰው ምን እንደሚከፍት ግን ፕሮቡ አያይም፤ የራሱን ፓኬት ብቻ ነው የሚልከው። አመራሩ «ስለላ ነው» ብሎ ከሠጋ ይህን በግልጽ ማስረዳት ያስፈልጋል።

አካውንቱ በአንድ ባለሙያ የግል ኢሜይል እንዳይከፈት። ሰውየው ሥራ ሲለቅ ፕሮቡም ክሬዲቱም ከእሱ ጋር ይቀራሉ። በዳይሬክቶሬቱ የጋራ ኢሜይል ይከፈትና ክሬዲቱ ለመምህራን አካውንት ይተላለፍ፤ መድረኩ ይህን ይፈቅዳል። በግል የተከፈተ ካለም ባለሙያው ሳይለቅ ፕሮቡን ወደ ተቋሙ አካውንት ማዛወር ይቻላል።

አንከር ለማስተናገድ የሚያስብ ተቋም ግን ፋየርዎል የማይነካው ቋሚ አድራሻ፣ የአይፒ ስድስት (የአዲሱ አድራሻ ዓይነት) መስመርና የማይቋረጥ መብራት ያዘጋጅ። እነዚህ እስኪሟሉ ሁለት የሶፍትዌር ፕሮቦች፣ አንዱ ደሴ አንዱ ኮምቦልቻ፣ ከአንድ ሰነፍ አንከር ይበልጣሉ።