የሞተሬን መብራት ደብረ ብርሃን አሠራሁት

ሞተሬ ያማሃ ኤጂ 200 ናት። ከመሥሪያ ቤት በጨረታ ስትወጣ ገዛኋት። ያኔም ልጅ አልነበረችም። ፊትም ኋላም ዕቃ መጫኛ አላት። ሰንሰለቷ ጭቃ እንዳያገኘው ዙሪያውን ተሸፍኗል። ሥራዬ ከብት ማከም ስለሆነ ከእሷ የሚሻለኝ የለም። ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል፤ አይደለሁም፣ ግን ማረም ከተውኩ ቆየሁ። ላም ደግሞ ምጥ የሚይዛት ሌሊት ነው።

የሞተሯ ችግር መብራቷ ነበር። ኩራዝ ይሻላል። ባለፈው ክረምት አመሻሽ ላይ ከጉዶበረት ወደ ጣርማበር ስወጣ ጉም ወረደ። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ክረምት ላይ ጉም ብርቁ አይደለም። አንድ ሰውዬ ጥቁር በርኖስ ለብሶ፣ ሁለት አህያ እየነዳ የአስፋልቱን ዳር ይዞ ይሄዳል። ያየሁት የኋለኛዋ አህያ ጭነት መሪዬን ሊነካ ሲል ነው። ፍሬን ይዤ ቆምኩ። ሰውዬው ዞር ብሎ «ኧረ አንተ ሰው፣ መብራት አብራ!» አለኝ።

መብራቱ በርቷል።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ነው። አንድ መለዋወጫ ሱቅ ገብቼ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል በ900 ብር ገዛሁ። ባለሱቁ «ሌሊቱን ቀን ያደርግልሃል» አለኝ። ግቢዬ ውስጥ ሳበራው እውነትም ቀን አደረገው። ጣርማበር ላይ ግን ነጩ ብርሃን ጉሙን መትቶ ወደ ዓይኔ ተመለሰ፤ ፊቴ ነጠላ የተዘረጋ መሰለኝ። በዚያ ላይ የድሮ መብራት ሳህን የተሠራው ለክር አምፖል ነው። ብርሃኑ የሚነሣበት ቦታ ትንሽ ከተዛባ ጨረሩ መንገዱን ትቶ ወደ ላይ ይበተናል። ከፊት የሚመጡት የጭነት ሾፌሮች ረጅም መብራት እያበሩ ሰደቡኝ። ጉድጓድ ስገባ ደግሞ አምፖሉ ድርግም ይላል። እሱ የአምፖሉ ጥፋት እንዳልነበረ በኋላ ነው የገባኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የመኪናና የሞተር ኤሌክትሪክ የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። ቤቱ አንድ በር ቆርቆሮ ነው። አምፖሉን አሳየሁትና «ከዚህ የጠነከረ ፈልግልኝ» አልኩት። ልጁ አምፖሉን አላየውም። «ጋሼ፣ አምፖሉን ለጊዜው ይተዉት» ብሎ ካቻቢቴ አነሣ።

የመብራቱን ሳህን ሲከፍተው ውስጡን አይቼ አፈርኩ። ከእኔ በፊት የነካካት ሰው፣ የተቆረጠውን ሽቦ በቤት መብራት ሽቦ ቀጥሎታል። ያ ድፍን መዳብ ነው። ለግድግዳ ይሆናል፤ ሞተር ላይ ግን በንዝረት ውስጥ ውስጡን ይሰበራል፣ ከላይ ፕላስቲኩ ደህና ይመስላል። መጋጠሚያው ተጠምዝዞ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ፕላስተሩን ሲልጠው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ በጣቱ ነካ ሲያደርገው ተበጠሰ።

ከዚያ ቴስተር፣ ማለትም የቮልት መለኪያ አወጣ፤ እኔን ያሳመነኝ እሱ ነው። የድሮውን የክር አምፖል መልሶ ገጠመና ሞተሯን አስነሣ። ባትሪው ላይ 13.4 ቮልት። አምፖሉ ላይ 10.9። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን የክር አምፖል ቮልቴጁ 10 ከመቶ ቢወርድበት ብርሃኑ 30 ከመቶ ያህል ይወርዳል። በእኔ ሂሳብ ግማሹን ብርሃን ሽቦው ይበላው ነበር። ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ተነሥቶ በቁልፉ፣ ከዚያ በመሪው ማብሪያ በኩል ዞሮ ነው አምፖሉ ጋ የሚደርሰው። በየመጋጠሚያው ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ።

የሠራው ሥራ ይኸውና። ሁለት ሪሌይ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያሳልፍ ማብሪያ ገጠመ፣ አንድ ለአጭር አንድ ለረጅም መብራት። ከባትሪው አጠገብ 15 አምፔር ፊውዝ አስገባ። ከዚያ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ውስጡ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን፣ በቀጥታ ሪሌዩ ጋ ወስዶ 30 የሚለው እግር ላይ ሰካ፤ 87 ከሚለው እግር ደግሞ ወደ አምፖሉ። የመሪው ማብሪያ አሁን የሚያዘው ሪሌዩን ብቻ ነው፤ የሚያልፍበት ከሩብ አምፔር በታች ስለሆነ አይሞቅም። ኔጋቲቩንም በሻንሲው፣ በሞተሯ ብረት አካል፣ አላመነም፣ ለብቻው ሽቦ ወደ ባትሪ መለሰው።

እንደገና ለካ። አምፖሉ ላይ 13.1። አምፖሉ ያው የድሮው ባለ 35 ዋት ነው! ቢጫ ብርሃኑ ነጣ ብሎ ጠነከረ። እንደ መኪና ባለ 60/55 አድርግልኝ ብዬው ነበር፤ «ዲናሞዋ ይህን አትችልም፣ ቀስ ብለው ሲነዱ ባትሪውን ይጨርስብዎታል» ብሎ እምቢ አለ። ገንዘብ የሚያገኝበትን ሥራ እምቢ የሚል ባለሙያ ብዙ አላየሁም።

ለዕቃው 1,400፣ ለእጁ 800 ብር ከፈልኩ። አልተቆጨሁም። ቅሬታ ግን አለኝ። ጠዋት 3 ሰዓት ሰጥቼው «ለምሳ ይደርሳል» አለኝ፤ የወጣሁት 11 ሰዓት ተኩል ነው። በመሃል ሦስት ባጃጅ አስተናገደ። ሪሌዮቹንም እግራቸውን ወደ ላይ አድርጎ አሰራቸው። ዝናብ ገብቶ እንዲጠራቀም ማለት ነው። ቤት ገብቼ ራሴ ገለበጥኳቸው። ሄዶ የሚያሠራ ሰው እዚያው ቆሞ ይህን ይጠይቅ።

ጉሙስ? ጉም ጉም ነው፣ አሁንም በሁለተኛ ማርሽ ነው የማልፈው። ነገር ግን የአስፋልቱ ጠርዝ ይታየኛል፣ በርኖስ የለበሰም ሰው ከሩቅ ይለያል።

ኤልኢዲውን ሸዋሮቢት ያለው የአክስቴ ልጅ ወሰደው። ቆላ ነው፣ ጉም አያውቅም። በጣም ወዶታል። ከፊት ለፊቱ የሚመጡት ሰዎች ምን እንደሚሉት ግን አልነገረኝም።