622 ድምፅ ወይስ 10?

በሦስት ዓመት ውስጥ ከኪቦርዴ 622 የመሣሪያ ድምፆች የተጠቀምሁባቸውን ብቆጥር ዘጠኝ ሆኑ። ያማሃ ፒኤስአር ኢ373 ኪቦርዴን ተሸክሜ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ስንት ሠርግ እንደዞርሁ እኔ አውቃለሁ። 205 አጃቢ ምቶችም አሉት፤ የጎጃምን ትከሻ የሚያነቃንቅ ግን አንድም አላገኘሁባቸውም። ከበሮ መቺ ይዤ ነው የምሄደው።

ባለፈው ዓመት ብር አጠራቅሜ ያማሃ ፒ45 የሚባል ዲጂታል ፒያኖ ገዛሁ። ድምፁ 10 ብቻ ነው። ስክሪን የለውም፤ ከማብሪያው ሌላ ያለው አዝራር አንድ ነው፤ ድምፅ ለመቀየር እርሱን ተጭኖ ይዞ ከቁልፎቹ አንዱን መንካት ነው። ጓደኞቼ «ለ10 ድምፅ ይህን ሁሉ ብር!» ብለው ሳቁብኝ።

ይሳቁ። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ትዝታን በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ቀስ ብዬ ስጫወትበት ብሬ የት እንደገባ ይሰማኛል። 88ቱ ቁልፎች ክብደት አላቸው፤ በግራ በኩል ከበድ ይላሉ፣ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ይቀልላሉ፤ እንደ ዋናው ፒያኖ ማለት ነው። አሮጌውም የጣትን ጉልበት ይለያል፤ ልዩነቱ ግን ሬዲዮ ከፍና ዝቅ እንደማድረግ ነው። በዚህኛው ለስለስ ስል የድምፁ ጠባይ ራሱ ይለወጣል። ፔዳሉን ረግጬ ስይዝም ድምፁ ተቆርጦ አይቀርም፤ እየሳሳ እየሳሳ ይሄዳል።

ማሲንቆ የሚመታው አጎቴ ግን አልረካም። «የእኔ ማሲንቆ በሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለውን ድምፅ ያወጣዋል፤ ያንተ ይዘልለዋል» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ሌላም ጣጣ አለው። 11.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ርዝመቱም ባጃጅ ውስጥ አላስገባ ብሎ ከሾፌሮች ጋር አጨቃጭቆኛል። ከሁሉ የከፋው በባትሪ አይሠራም። አሮጌው 4.6 ኪሎ ነው፤ ስድስት ትንንሽ የድንጋይ ባትሪ ከጎረሰ መብራት ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። አንድ ጊዜ ገጠር ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል መብራት ጠፋ፤ ማጉያው ዝም ሲል ኪቦርዱ በራሱ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ቀጠለ፤ ሰዉ ጠጋ ጠጋ ብሎ በጭብጨባ ሞላው።

ልጁን ፒያኖ ሊያስተምር ያሰበ ወላጅ ቢጠይቀኝ ሳላቅማማ ፒ45 እለዋለሁ። አሮጌውን ግን አልሸጥሁትም፤ ጥር እየመጣ ነው።